ሞተር ሲያላዝን፦ የጩኸቱን ምንጭ ለይቶ ማወቂያ መንገድ

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይለቃል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የማርሽ ስብስብ) እና ጎማዎቹ በማርሽ ተያይዘው አብረው ስለሚዞሩ፣ ከኮፈኑ ሥር የሚነሳውን ቀጭን ጩኸት ከኋላ ከሚመጣው ለመለየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ብዙ አሽከርካሪ እንግዳውን ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማው እዚሁ ነው፤ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲያነሳ የሞተሩ ጉርምርምታ ዝቅ ይልና እስከዚያ ተሸፍኖ የቆየው ሌላ ድምፅ ብቅ ይላል። ከዚያ ጋራዥ ገብቶ «ሞተሩ ያላዝናል» ይላል፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያልቀረበለት መካኒክም በልምድ ገምቶ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ወይም ቺንጋ (የሞተሩን ዙር ለሌሎች ዕቃዎች የሚያስተላልፈውን የጎማ ቀበቶ) ያስቀይራል። ግምቱ ትክክል ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ባለ መኪናው ደህና ዕቃ አስፈትቶ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያው ጩኸት ይከተለዋል። ለዚህ ነው ከየትኛውም ዕቃ ስም በፊት መጠየቅ ያለበት «ድምፁ የሚከተለው ምንን ነው?» የሚለው ነው ብዬ አጥብቄ የማምነው።

የጩኸቱ አመጣጥ እንደሚመስለው የረቀቀ አይደለም። ቀጭንና የተሳበ ድምፅ የሚወጣው በእኩል የጊዜ ልዩነት እጅግ ፈጥኖ ከሚደጋገም ንክኪ፣ ፍትጊያ ወይም የአየርና የፈሳሽ ግፊት ነው። ለምሳሌ 20 ጥርስ ያለው ማርሽ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 50 ዙር ማለት ስለሆነ፣ ጥርሶቹ ከጎረቤት ማርሽ ጋር በሴኮንድ 1000 ጊዜ ይገናኛሉ፤ ይህ ደግሞ በጆሮ ጥርት ብሎ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ነው። የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ከሞተሩ ፑሊ ያነሰ በመሆኑ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዲናሞው ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ያለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ደግሞ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ የድምፁ ቅጥነት የሚዞረውን ዕቃ ፍጥነት ይናገራል፤ ዕቃው ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። የድምፁ ጉላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በአብዛኛው የሚናገረው ዕቃው የተሸከመውን ጫና ነው። የባቲን ቅኝት ከአምባሰል በጆሮው ለሚለይ የወሎ ሰው ይህን ልዩነት መያዝ አይከብደውም፤ ድምፁ የቀጠነው ነው ወይስ የጎላው ብሎ በጥሞና ማድመጥ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ፈተና መኪናው ቆሞ የሚደረግ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) አድርጎ ሞተሩን በዝግታ ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጩኸቱ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚቀጥንና የሚወፍር ከሆነ፣ ምንጩ ሞተሩ ወይም ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞረው ዕቃ ነው፤ ጎማን፣ የጎማ ኩሽኔታን (የሚዞር ዕቃ ያለ ብዙ ፍትጊያ እንዲዞር የሚይዘውን ቀለበት) እና ዲፈረንሻልን ከተጠርጣሪነት ማውጣት ይቻላል። ቆሞ የማይሰማና ሲሄድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ሁለተኛው ፈተና ያስፈልጋል። በቀጥተኛ ሜዳ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት እየሄዱ ማርሹን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ መቀየር ነው። የመኪናው ፍጥነት ሳይለወጥ የሞተሩ ዙር ብቻ ስለሚጨምር፣ ድምፁ አብሮ ከቀጠነ የሚከተለው ሞተሩን ነው፤ ባለበት ከጸና የሚከተለው ጎማዎቹን ነው። ለዚህ ፈተና ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ የሚወስደው የቦርከና ሸለቆ መንገድ ወይም በሰሜን ወሎ የቆቦ ሜዳ ይመቻል። ድምፁን ለመለየት ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በሐረጎ ቁልቁለት ማርሹን ፎሌ ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ የሞተሩ መያዝ ሲቀር ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ይሸከማል፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል አቅሙ ይከዳል።

ድምፁ ሞተሩን እንደሚከተል ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ በሞተሩ ፊት ለፊት ባለው ቺንጋ የሚዞሩት ዕቃዎች ናቸው። እነዚህም ዲናሞው፣ የመሪው ፓምፕ፣ የኤሲው ኮምፕረሰር፣ በብዙ ሞተሮች ላይ የውሃ ፖምፓው፣ እንዲሁም ቺንጋውን የሚወጥረውና የሚያሳልፈው ፑሊ ናቸው። ቺንጋው ራሱ ሲንሸራተት የሚያወጣው ሹል «ሲጥ» የሚል ጩኸት ከማላዘን ይለያል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ ጮኾ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው በአብዛኛው እሱ ነው። ይህን ለማረጋገጥ በሚዞረው ቺንጋ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ እጅን አርቆ፣ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይረጫል። ጩኸቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው፤ ውሃው ሲነካው ጩኸቱ ከባሰ ግን ቺንጋው ላልቷል ወይም መወጠሪያው ደክሟል። አንዳንዶች ጩኸቱን ለማጥፋት ቺንጋውን ሳሙና ወይም ቅባት ይቀቡታል። ይህ ምልክቱን ከመደበቁም በላይ የቺንጋውን ጎማ ያበላሸዋል፤ ለጊዜው ዝም ያለው ቺንጋ በማግስቱ ተበጥሶ መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ውሃው ምንም ለውጥ ካላመጣ የሚጠረጠረው ኩሽኔታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላልና ቆራጥ ምርመራ አለ፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቺንጋውን አውልቆ፣ ሞተሩን ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ እንደገና ማስነሳት ነው። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው፤ ካልጠፋ ወደ ሞተሩ ውስጥ፣ ወደ ካምቢዮው ወይም ወደ አየር መስመሩ መሄድ ያስፈልጋል። ጊዜው የሚያጥረው በምክንያት ነው፤ ቺንጋው ከወለቀ በብዙ ሞተሮች ላይ ውሃው አይሽከረከርም፣ ባትሪውም አይሞላም። የሚወልቀውም የውጪው ቺንጋ ብቻ ነው፤ በሽፋን ውስጥ ያለው፣ የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀው የታይሚንግ ቺንጋ ያለ ዕውቀት ከተነካ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ሊጋጩ ይችላሉ። ቺንጋው እንደወለቀ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ማዞር ይገባል፤ ደህና ኩሽኔታ ልስልስ ብሎ በዝምታ ይዞራል፣ የተበላው ደግሞ አሸዋ እንደገባበት ይሻክራል ወይም ወደ ጎን ሲነቀንቁት ይንቀሳቀሳል። በአቧራማ የገጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚበላው ብዙውን ጊዜ የመወጠሪያው ፑሊ ነው፤ ዋጋው ከዲናሞ ጋር ስለማይወዳደር ቀድሞ እሱን መፈተሽ የባለ መኪናውን ገንዘብ ያድናል።

ቺንጋው ሳይወልቅ ማድመጥም ይቻላል። ረጅም ካቻቪቴ ወስዶ ጫፉን በማይንቀሳቀሰው የዕቃው አካል ላይ፣ ለምሳሌ በዲናሞው ቤት ላይ፣ ማሳረፍና እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ካለው አጥንት ጋር ማስነካት ነው። ድምፁ በብረቱ በኩል ስለሚመጣ የታመመው ኩሽኔታ ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮሃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ነጠላውን፣ ሽርጡን፣ ሻሹንና የለቀቀ ፀጉሩን ሰብስቦ ማሰር አለበት፤ በሚዞር ቺንጋ የተያዘ ጨርቅ እጅን ወይም አንገትን ይዞ ይገባል።

ዲናሞው ላይ ጥርጣሬ ከወደቀ መለያው ጭነት ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መብራቱን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውንና ማራገቢያውን አንድ በአንድ ማብራት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ጭማሪ ጩኸቱ እየጎላ ከሄደ ዲናሞው እየከበደው ነው። በሬዲዮኑ ውስጥ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚቀጥን ፉጨት መሰማቱ በዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎች) መድከማቸውን ወይም የመሬት መስመሩ መላላቱን ሊያመለክት ይችላል። ማረጋገጫው ቮልት መለኪያ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ የሚነበበው በባለ 12 ቮልት መኪና ከ13.5 እስከ 14.5፣ እንደ አይሱዙ ባሉ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናዎች ደግሞ ከ27 እስከ 29 ገደማ መሆን አለበት። ንባቡ ደህና ሆኖ ጩኸቱ ካለ ግን ዲናሞውን ሙሉ በሙሉ ከመቀየር በፊት ኩሽኔታውን ብቻ አውጥቶ መተካት እንደሚቻል መካኒኩን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

የመሪው ፓምፕ ጩኸት ደግሞ በራሱ ጊዜ ማንነቱን ይናገራል። መሪው ሲጠመዘዝ ይጨምራል፤ እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ደግሞ እሪታ ይሆናል። ምክንያቱም መሪው ዳር ሲደርስ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል። እስከ ዳር የተጠመዘዘ መሪ በማንኛውም መኪና ላይ ትንሽ ስለሚያጉረመርም ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን ከጥቂት ሴኮንድ በላይ እዚያ መያዝ ፓምፑን ይጎዳል። መሪው ቀጥ ብሎ እያለም የሚያላዝን ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ማየት ነው። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈሳል። አረፋ ከያዘ ደግሞ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ በኩል አየር እየሳበ ነው፤ የሚያላዝነውም በፓምፑ ውስጥ የሚፈነዳዱት የአየር አረፋዎች ናቸው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዕድሜውን ጨርሷል። በብርድ ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር ፓምፑ ለመሳብ ይቸገራል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ጠዋት የሚያላዝን መሪ ባቲ ሲወርድ ዝም ቢል ድኗል ማለት አይደለም፣ ሙቀቱ ዘይቱን አቅጥኖለት ነው። በሌላ በኩል እንደ ቪትዝ ያሉ ብዙ ትንንሽ መኪናዎች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ የመሪ ዘይትም ፓምፕም የላቸውም፤ በእነሱ ላይ የመሪ ፓምፕ ተበላሽቷል የሚል ማንኛውም ምክር ያለ ጥርጥር ስህተት ነው።

የውሃ ፖምፓው ከሁሉ የበለጠ ሊፈራ የሚገባው ነው። ኩሽኔታው መበላት ሲጀምር በዝቅተኛ ዙር ላይ የሚሻክር ማላዘን ያሰማል፤ ከዘንጉ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ወይም የደረቀ የኩላንት ምልክት ይታያል፤ ፑሊው በእጅ ሲነቀነቅ ይወዛወዛል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን የመፍያ ነጥብ ከፍ ባያደርገው ኖሮ ከኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ሐረጎን የሚወጣ ሞተር ውሃው በፈላ ነበር። ደካማ ፖምፓና የላላ ክዳን በአንድ መኪና ላይ ከተገናኙ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) እስኪጣመም ድረስ መጋል ይከተላል፤ የዚህ ጥገና ወጪ ከፖምፓው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ቺንጋው ወልቆም ጩኸቱ ያልጠፋ እንደሆነ ወደ አየር መስመሩ ይኬዳል። በቤንዚን ሞተር ላይ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የደረቀ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያፏጫል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ግን በውስጡ ያለው መሳብ ስለሚቀንስ ፉጨቱም ይቀንሳል፣ ሞተሩም ፎሌ ላይ ይንቀጠቀጣል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ፉጨቱ ድንገት ከቆመ የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ተበላሽቷል። የተሰነጠቀውን ቦታ ለማግኘት አንድ ጫፉ ጆሮ ላይ የተያዘ ቀጭን የጎማ ቱቦ ከየመጋጠሚያው አጠገብ ማዞር ይበቃል። ቤንዚን እየረጩ መፈለግ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ስለሆነ ማንም ሊያደርገው አይገባም።

ተርቦ ባለው የናፍጣ መኪና ላይ ትንሽ ፉጨት ተፈጥሯዊ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚያንስ ተርቦው የሚፈለገውን አየር ለመሙላት የበለጠ ይፈጥናል፤ በዚህም ምክንያት ያው መኪና ደጋ ላይ ከቆላው ይልቅ ቀጥኖ ቢያፏጭ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ፉጨቱ በሳምንታት ውስጥ እየጎላ ወደ አምቡላንስ ጩኸት መቅረቡ ነው። ጥቁር ጭስና የአቅም ማነስ አብረው ከመጡ የአየር ቱቦው ይተነፍሳል፤ ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል ከመጡ ግን የተርቦው ኩሽኔታ አልቋል። ረጅም ዳገት ወጥቶ የደረሰ መኪና ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ማዞር ተርቦውን በዘይት ያበርደዋል።

በካምቢዮ በኩል ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያለያየው) ትልቅ ምስክር ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ጩኸት ፍሪሲዮኑን ከሚገፋው ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ሳይረገጥ እየጮኸ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ያ ዘንግ መዞር ያቆማልና። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ማላዘን የዚያን ማርሽ ጥርስ መበላት ወይም የካምቢዮ ዘይት ማነስ ያሳያል። የኋላ ማርሽ ጩኸት ግን ጤናማ ነው፤ በብዙ ካምቢዮዎች ላይ የኋላ ማርሽ ጥርሶች እንደሌሎቹ ጋደል ብለው ሳይሆን ቀጥ ብለው የተቆረጡ በመሆናቸው በባሕርያቸው ይጮሃሉ። አውቶማቲክ መኪና ቆሞም ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያላዝን ከሆነ መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት መጠን መለካት ነው።

ከኋላ ወንበር ሥር የሚሰማ ቀጭን የማያቋርጥ ድምፅ የነዳጅ ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በታንከሩ ውስጥ ባለው ነዳጅ ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲጎድል ወይም ከጀሪካን በገባ ቆሻሻ ማጣሪያው ሲደፈን ጩኸቱ ይጨምራል።

ጎማን የሚከተለው ጩኸት ሦስት ዋና ምንጮች አሉት። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያጠፉ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ከጎላ ብዙውን ጊዜ የታመመው የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጎላ ደግሞ የግራው። ነዳጅ ሲረገጥ መጥቶ እግር ሲነሳ የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ማርሾች ናቸው። አስፋልቱ ሲለወጥ የሚለወጠው የጎማው ላስቲክ ድምፅ ነው።

መካኒኩ ዘንድ ሲቀርቡ «ያላዝናል» ከማለት ይልቅ ብርድ ላይ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ፣ መሪ ሲዞር ነው ወይስ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብሎ መንገር የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል። በስልክ የተቀዳ ድምፅም ይረዳል፤ ጠዋት ብቻ የሚመጣ ጩኸት መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ጠፍቶ ይገኛልና።

መንገድ መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነው ጩኸቱን በሚያጅበው ምልክት ነው። የዘይት መብራቱ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ ጋራዥ ድረስ መንዳት አይገባም። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው በላይ መውጣት ከጀመረ ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ማስጠገን እንጂ ሐረጎን መውጣት አይታሰብም። ወደ ታች ለሚወርድ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በብዙ የጃፓን የናፍጣ ሞተሮች ላይ ለፍሬኑ አጋዥ ኃይል የሚሰጠው የአየር መሳቢያ ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ስለዚህ የዲናሞው ኩሽኔታ ተጣብቆ ቺንጋው ከተበጠሰ ከባትሪው መብራት ጋር የፍሬኑም እገዛ ይሄዳል፤ ፔዳሉ ከጥቂት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ መኪና ዲናሞው እያላዘነ ከሆነ ምርመራውና ጥገናው ደሴ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር መደረግ አለበት።